ከደጃፉ ላይ የሚነሣው ሰው፦ የአልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን ሕይወትና የበራሪ መኪና ነገር

በምንማርበት ከተማ ከቀትር በኋላ በአውቶቡስ ወደ ማደሪያው የተመለሰ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። አውቶቡሱ ይቆማል፤ ከፊቱም ከኋላውም መኪና ነው። ሹፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ሙቀቱ ይበረታል፣ የፈተናው ማስታወሻ በጭናችን ላይ ተዘርግቶ ላብ ይጠጣል። ታዲያ ከመካከላችን አንዱ በመስኮት ወደ ላይ እያየ መኪና ክንፍ ቢኖራት ኖሮ ምን ነበረበት ይላል፤ ሁላችንም እንስቃለን።

ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አይደለም። ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በቻይናና በብራዚል ያሉ ኩባንያዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ ከቆሙበት ቀጥ ብለው የሚነሡ በራሪ ታክሲዎችን ለመሥራት ብዙ ሀብት እያፈሰሱ ነው። እዚሁ አጠገባችን ባሉት የባሕረ ሰላጤ አገሮችም እነዚህን ታክሲዎች ሥራ ላይ ለማዋል ውል የተፈራረሙ ከተሞች አሉ። መሬቱ ሞልቷልና ወደ ሰማይ እንውጣ የሚለው አሳብ እንደ አዲስ ግኝት ይነገራል።

አሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ አንድ ሰው በፓሪስ ከተማ መካከል በግል የአየር መርከቡ እየተንሳፈፈ ሄዶ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ ፎቅ ወጥቶ ቡናውን ጠጥቶ እንደገና ተሳፍሮ ሄዷል። ይህ ሰው ብራዚላዊው አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን ነው። ሕይወቱን መለስ ብለን ብናየው በሁለት ነገር ይጠቅመናል። አንደኛ፣ በራሪ መኪና የከተማን መጨናነቅ ይፈታል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከማንም የተሻለ ምሳሌ ነው። ሁለተኛ፣ በበጎ አሳብ የተሠራ መሣሪያ ከሠሪው እጅ ሲወጣ ምን እንደሚደርስበት የሚያሳይ መሪር ትምህርት አለበት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቡና ልጅ

አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን የተወለደው ሐምሌ 20 ቀን 1873 በብራዚል ሚናስ ዠራይስ በተባለው ክፍለ ሀገር ነው። አባቱ ኤንሪኬ ዱሞን የፈረንሳይ ዘር ያለበት መሐንዲስ ነበር። የባቡር ሐዲድ ከመዘርጋት ሥራ ወጥቶ በሳኦ ፓውሎ ክፍለ ሀገር ሰፊ መሬት ገዛና ቡና ተከለ። የቡና ዛፉ በሚሊዮን ይቆጠር ስለ ነበር በአገሩ ከቡና ነገሥታት አንዱ ተባለ። የዛፉ ትውልድ አገር ከየት እንደ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻም። ከእኛ ጫካ የወጣው ፍሬ ውቅያኖስ ተሻግሮ የአንድ ቤተ ሰብ ሀብት ሆነ፤ ያ ሀብት ደግሞ ወደፊት እንደምናየው የሰውን ልጅ ወደ አየር ለማውጣት ዋለ።

ይሁን እንጂ የብራዚል ቡና ታሪክ የተከላ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። በዚያች አገር ባርነት በሕግ የቀረው በ1888 ነው፤ ያን ጊዜ አልቤርቶ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። የብራዚል ቡና ለብዙ ዘመን የተለቀመው ከአፍሪካ ተጭነው በሄዱ ሰዎች ልጆች እጅ ነው። ልዑል ኢዛቤል የባርነትን ማብቂያ ሕግ የፈረሙ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት ዘውዱ ወድቆ ወደ ፈረንሳይ ተሰደዱ። ስማቸውን ያነሣነው በኋላ ስለምናገኛቸው ነው።

ልጁ በፈረስና በአደን የሚደሰት አልነበረም። ልቡ የተሰቀለው ቡናውን በሚያጥበውና በሚፈለፍለው መኪና ላይ ነበር። እርሻው የራሱ የባቡር ሐዲድ ነበረው፤ አልቤርቶም ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ቡና የጫነውን ባቡር ይነዳ ነበር። ማታ ማታ የዡል ቬርንን መጻሕፍት ያነባል። ቀን ማሽን ማታ ቬርን፣ እንዲህ ሆኖ አደገ።

አባቱ ከባድ አደጋ ደርሶበት ሰውነቱ ስለ ሰነፈ እርሻውን ሸጠና ቤተ ሰቡን ይዞ በ1891 ወደ ፓሪስ ለሕክምና ሄደ። በ1892 ደግሞ ልጁን ጠርቶ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ሳለ የውርሱን ድርሻ በእጁ ሰጠው። ፓሪስ ሄዶ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ መካኒክና ኤሌክትሪክ እንዲማር መከረው፤ የዓለም የወደፊት ዕጣ በመካኒክ እጅ ነው የሚል እምነት ነበረው። በዚያው ዓመት አባትየው አረፈ። ለትምህርት ከአገሩ የወጣ ወጣት፣ ከአባቱ የተቀበለው አደራ በትከሻው ላይ ያለ፣ በሰው አገር ቋንቋ የሚማር፤ ይህን ሁኔታ ከእኛ መካከል የማያውቀው ያለ አይመስለንም። ልዩነቱ የእሱ ኪስ ሙሉ መሆኑ ነው።

ከመኪና ወደ ፊኛ

ፓሪስ እንደ ደረሰ መጀመሪያ የፈለገው በፊኛ መውጣት ነበር። የፊኛው ባለሙያ ግን ብዙ ገንዘብ ጠየቀው፤ ለሚደርሰው ጉዳትም ሁሉ ኃላፊነቱን እንዲወስድ ፈለገ። ወጣቱም አሰበና በገንዘቡ ፊኛ ከመሳፈር ይልቅ መኪና ገዛ። በ1891 የገዛት ፔዦ ሦስት ተኩል የፈረስ ጉልበት ነበራት። ወደ ብራዚል ሲመለስ ይዟት ሄደ፤ በዚያች አገር ከታዩት መኪናዎች የመጀመሪያዋ እንደ ሆነች ይነገራል። እንግዲህ በራሪ መኪና ያልነው ነገር በሕይወቱ ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል መጣ፤ መጀመሪያ መኪናዋ፣ ከዚያ በኋላ በረራው።

በፊኛ የወጣው በ1898 ነው። ወዲያውም ብራዚል የሚባል የራሱን ፊኛ አሠራ። ይህች ፊኛ 113 ሜትር ኩብ ብቻ የምትይዝ፣ ከጃፓን ሐር የተሰፋች፣ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ያነሰች ነበረች። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ሰው አትሸከምም ብለው ነበር። ሳንቶስ ዱሞን ግን ራሱ ትንሽ ሰው ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱም ከ50 ኪሎ ብዙ የማይርቅ ነውና ትንሿ ፊኛ ተሸከመችው።

ፊኛ ግን የነፋስ ባሪያ ናት፤ ነፋሱ ወደ ወሰዳት ትሄዳለች። ሰው ወደ ፈለገበት ለመሄድ ሞተርና መሪ ያስፈልገዋል። ሳንቶስ ዱሞን የዚህን መፍትሔ ያገኘው ከመንገድ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በፓሪስ ጐዳና ባለ ሦስት እግር የሞተር ብስክሌት በዝቶ ነበር። የብስክሌቷን ሞተር ወስዶ ሁለቱን ሲሊንደሮች አንዱን በሌላው ላይ አገጣጥሞ ሦስት ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለው ቀላል ሞተር አበጀ። ይሁንና አንድ ነገር አሠጋው። ሞተሩ አየር ላይ ሲንቀጠቀጥ ፊኛውን ይበጣጥሰው ይሆን? ይህን ለማወቅ ብስክሌቷን ቡዋ ደ ቡሎኝ ወደሚባለው ጫካ ወሰዳት፤ በገመድ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎም ሞተሩን አስነሣው። ንዝረቱ መሬት ላይ ከነበረው ያነሰ ሆኖ አገኘው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሙከራ በአንድ ዛፍና በጥቂት ገመድ ተጠናቀቀ። የምሕንድስና ተማሪዎቻችን ይህን ልብ ይበሉ።

የመጀመሪያ የአየር መርከቡ በመስከረም 1898 ወጣ። ርዝመቱ 25 ሜትር ነበር። ሲወርድ ጋዙ ተጨማድዶ መርከቡ እንደ ቢላ ታጠፈና ወደ ታች ይምዘገዘግ ጀመር። በሜዳው ላይ ልጆች ወረቀት ያበሩ ነበር። ሳንቶስ ዱሞን የመርከቡን ገመድ ይዘው በነፋሱ ፊት ለፊት እንዲሮጡ ጮኸላቸው፤ ልጆቹም ወረቀት የማብረር ልምድ ነበራቸውና ወዲያው ገባቸው። ገመዱን እየጐተቱ ሮጡ፣ አወዳደቁም ቀለለ፣ ሕይወቱም ተረፈ።

ግንቡን የዞረው መርከብ

በ1900 አንድ የነዳጅ ዘይት ባለጸጋ የ100,000 ፍራንክ ሽልማት አቀረበ። ውድድሩ ከሴን ክሉ ተነሥቶ፣ የኤፌልን ግንብ ዞሮ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ተነሡበት መመለስ ነው። ርቀቱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ሳንቶስ ዱሞን በሐምሌ 1901 ሞከረ። ጊዜው አለፈበት፤ ሞተሩም ቆመና በአንድ ባለጸጋ ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ላይ ወደቀ። በዚያ አካባቢ በስደት ይኖሩ የነበሩት ልዑል ኢዛቤል የአገራቸው ልጅ ዛፍ ላይ መሆኑን ሰምተው ምሳ በቅርጫት ላኩለት። ስደተኛዋ ልዑል ለዛፍ ላይ ተማሪ ምሳ መላካቸው በሰው አገር የአገር ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ ያሳያል። በነሐሴ ወር ዳግመኛ ሞከረ፤ አሁን የባሰ መጣ። መርከቡ ጋዝ አፍስሶ ከአንድ ሆቴል ጣራ ጋር ተላተመና ፈነዳ፤ እሱም በግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በገመድ አወጡት። በዚያው ምሽት የሚቀጥለውን መርከብ ለማሠራት አዘዘ።

ጥቅምት 19 ቀን 1901 ስድስተኛው መርከብ ተነሣ። ርዝመቱ 33 ሜትር ነበር። ግንቡን ዞሮ ሲመለስ ሞተሩ ሊቆም ደርሶ ነበር፤ ያም ሆኖ ከመነሻው መስመር በላይ በ29 ደቂቃ ከግማሽ አለፈ። ዳኞቹ ግን ገመዱ መሬት ላይ የተያዘው ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው ብለው ተከራከሩ። የፓሪስ ሕዝብ ተቆጣ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በኅዳር ወር ሽልማቱ ተሰጠው። እሱም ከገንዘቡ ለራሱ አላስቀረም፤ ለረዳቶቹና ለፓሪስ ድሆች አካፈለው። ከድሆቹ ድርሻ የተወሰነው ሥራ ፈትተው የሥራ መሣሪያቸውን በመያዣ አስይዘው የነበሩ ሰዎችን ዕዳ ከፍሎ መሣሪያቸውን ለማስመለስ ዋለ። መዶሻውንና መጋዙን ያጣ ሠራተኛ እንዴት ይሠራል? የእርዳታ ገንዘብ ከዚህ በተሻለ ቦታ ሊወድቅ አይችልም።

ስሙ በዓለም ናኘ። በረራ ላይ ሁለት እጁ በሥራ ስለሚያዝ የኪስ ሰዓት ማውጣት አስቸገረው፤ ይህንም ለወዳጁ ለሉዊ ካርቲዬ ስለ ነገረው ካርቲዬ በ1904 በእጅ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት። ዛሬ በየሱቁ መስኮት የምናያቸው የወንዶች የእጅ ሰዓቶች እንዲስፋፉ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ቤቱ ውስጥም ጠረጴዛውንና ወንበሩን እጅግ ረጃጅም አድርጎ ያሠራ ነበርና እንግዶቹ ከጣራው ሥር ተቀምጠው ይበሉ ነበር፤ አሳላፊው በመሰላል ይወጣ ነበር። ከፍታን ለመልመድ ነው ይል ነበር።

ደጃፍ ላይ የቆመው መርከብ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። በ1903 ሳንቶስ ዱሞን ዘጠነኛውን መርከብ ሠራ። ይህ ለሽልማት ወይም ለፍጥነት የተሠራ አልነበረም፤ ለመንሸራሸሪያ ነበር። ፊኛው 220 ሜትር ኩብ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል፣ ሞተሩ 3 የፈረስ ጉልበት ነበር። አንድ ሰው ብቻ ይይዛል።

በሰኔ 1903 በማለዳ ተነሥቶ፣ ገመዱን መሬት ለመሬት እየጐተተ፣ ከቤቶቹ ጣራ ከፍ ሳይል በሻንዜሊዜ ጐዳና ላይ ተንሳፈፈ። ዋሽንግተን ከሚባለው መንገድ ማዕዘን ላይ፣ የሚኖርበት ቤት ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ረዳቶቹ ገመዱን ያዙለት፤ እሱም ፎቅ ወጥቶ ቡና ጠጣ። ሲጨርስ ወርዶ ተሳፈረና ሄደ። በሌላ ቀን ደግሞ ከምግብ ቤት ደጃፍ ላይ መርከቡን እንደ ጋሪ አቁሞ ይበላ ነበር። በዚያው ሰሞን አይዳ ደ አኮስታ የተባለች ወጣት መርከቡን ብቻዋን እንድትነዳ ፈቀደላት፤ እሱ ከታች በብስክሌት እየተከተለ መመሪያ ይሰጣት ነበር። በሞተር የሚሄድ የአየር መርከብ የነዳች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

የፓሪስ ሰው ይህን አይቶ ነገ እያንዳንዱ ሰው በየበራፉ የአየር ሠረገላ ያቆማል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኛ ግን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሮጂን ከአንድ ኪሎ በጥቂት የሚበልጥ ክብደት ያነሣል። ስለዚህ 220 ሜትር ኩብ የሚያነሣው 240 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይኸውም ለሸራው፣ ለሞተሩ፣ ለነዳጁና ለአንዲት ቀጭን ነፍስ ብቻ የሚበቃ ነው። አንድ ሰው ቡና ሊጠጣ ሲወጣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ነገር መንገድ ላይ ይቆማል፤ ገመድ የሚይዙ ሰዎችም ይጠብቁታል። ጐረቤቱም እንዲሁ ቢያደርግ፣ የጐረቤቱም ጐረቤት ቢከተል ሻንዜሊዜ በፊኛ ተዘጋ ማለት ነው። የሳንቶስ ዱሞን ጉዞ ያማረው ብቻውን ስለ ነበረ ነው። ባዶ መንገድ ላይ የመጀመሪያው መኪናም እንዲሁ አምሮ ነበር።

ሳንቶስ ዱሞን ራሱ ይህን ሳያስበው የቀረ አይመስልም፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመት አሥረኛውን መርከብ ጀምሮ ነበር። ስሙ ኦምኒቡስ ነው። የመጠኑ ትልቅነት ከ2,000 ሜትር ኩብ በላይ ሲሆን ብዙ መንገደኞችን በቅርጫት እየጫነ እንዲሄድ የታሰበ ነበር። ማለትም ዘጠነኛው የግል መኪና ከሆነ አሥረኛው አውቶቡስ ነበር። ኦምኒቡሱ ግን በገመድ ታስሮ ከመነሣት አልፎ መንገደኛ ሳያመላልስ ቀረ። ዓለም የአንዱን ሰው መርከብ ሲያጨበጭብለት የብዙኃኑ መርከብ በጋጣው ውስጥ ተረሳ። በኋላም በየከተማው በመሬት ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ለግል መኪናው መንገድ ሲሰፋለት አውቶቡሱ ተራውን ይጠብቃል።

ከፊኛ ወደ ክንፍ

በ1906 ሳንቶስ ዱሞን ፊኛውን ትቶ ክንፍ ወዳለው ማሽን ዞረ። ጥቅምት 23 ቀን በባጋቴል ሜዳ በሕዝብ ፊት 60 ሜትር ያህል በረረ፤ ኅዳር 12 ቀን ደግሞ 220 ሜትር በሃያ አንድ ሴኮንድ ከግማሽ ሄደ። በአውሮፓ በይፋ ተለክቶ የተመዘገበ የመጀመሪያው የአውሮፕላን በረራ ይህ ነው። አሜሪካውያኑ ወንድማማቾች ራይቶች በታኅሣሥ 1903 ቀድመው በርረው ነበር፤ ነገር ግን ሥራቸውን ይሰውሩ ስለ ነበር አውሮፓ ገና አላመነችም። ብራዚላውያን እስከ ዛሬ የአውሮፕላን አባት ሳንቶስ ዱሞን ነው ይላሉ። ክርክሩን ለነሱ እንተወው።

ለእኛ ይበልጥ የሚረባን ከዚያ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ከ1907 ጀምሮ ደምዋዜል የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። አካሏ ቀርከሃ፣ ክንፏ ሐር ሆኖ ከነሞተሯ ከ150 ኪሎ አትበልጥም። እንዲያውም በመኪና ጀርባ ላይ ተጭና ወደ ሜዳ ትሄድ ነበር። በ1909 ከአንድ ሜዳ ተነሥቶ 8 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለ ሜዳ በ5 ደቂቃ ያህል ደረሰባት። ብዙዎች የፈጠራ መብታቸውን ይዘው በፍርድ ቤት በሚካሰሱበት በዚያ ዘመን ሳንቶስ ዱሞን የደምዋዜልን ንድፍ ለማንም በነጻ ሰጠ። ንድፉ በ1910 በአሜሪካ መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ፤ እጅ ያለው ሁሉ ሊሠራት ይችል ነበር። የእሱ ምኞት ሰው ሁሉ እንደ ብስክሌት የራሱ አውሮፕላን እንዲኖረው ነበር።

ምኞቱ ግን አልሠመረም። በጥር 1910 ሲበር ወደቀ፤ ከሞት ቢተርፍም ከዚያ በኋላ አውሮፕላን አልነዳም። በዚያው ዓመት ሐኪሞች ነርቭን ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ አገኙበት። ገና ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ጦርነትና ጸጸት

አንድን ሰው ስናወድስ ጥፋቱን መሸፈን ተገቢ አይደለም። በሐምሌ 1903 ሳንቶስ ዱሞን በዘጠነኛው መርከብ የፈረንሳይን ጦር ሰልፍ ዞሮ ተኩስ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ጦርነት ቢነሣ መርከቦቹን ለፈረንሳይ መንግሥት እንደሚሰጥ ጽፎ አሳውቆ ነበር፤ በአሜሪካ አህጉሮች ባሉ አገሮች ላይ ካልሆነ በስተቀር። ያን ጊዜ ነገሩ ለእሱ የክብር ጉዳይ ነበር። ከአውሮፕላን የሚጣል ቦምብ ገና አልታወቀም።

ብዙ አልቆየም። በኅዳር 1911 አንድ የጣልያን አብራሪ በሊቢያ ምድር ላይ ቦምብ በእጁ ወረወረ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በዚያ ወቅት ሳንቶስ ዱሞን በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ቤት ተከራይቶ ከዋክብትን በቴሌስኮፕ ያይ ነበር። ጐረቤቶቹ ለጀርመን ይሰልላል ብለው አሙት፤ ፖሊስም ቤቱን ፈተሸ። ሰው ሁሉ ያጨበጨበለት ሰው በአንድ ቀን ባዕድ ሆነ። በንዴት ወረቀቶቹን አቃጠለ። ብዙ ንድፍና ማስታወሻ በዚያ እሳት ጠፋ።

ወደ ብራዚል ተመለሰ። በ1918 በፔትሮፖሊስ ተራራ ላይ ትንሽ ቤት ሠራ፤ ደረጃው ሰው በቀኝ እግሩ ካልጀመረ በስተቀር መውጣት እንዳይችል ሆኖ የተቀረጸ ነበር። ይሁን እንጂ ሰላም አላገኘም። አውሮፕላን የገደለው ሰው ሁሉ በእሱ ላይ የሚቈጠር መሰለው። በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለ፤ አውሮፕላን የጦር መሣሪያ መሆኑ እንዲከለከል ጠየቀ። ማኅበሩ አልሰማውም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኢትዮጵያ በ1923 የዚያ ማኅበር አባል ሆና ነበር። የሳንቶስ ዱሞን አቤቱታ ከቀረበ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1935 እና በ1936፣ የፋሺስት ጣልያን አውሮፕላኖች በአገራችን ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። በሰኔ 1936 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ጄኔቭ ቆመው አቤት አሉ። ማኅበሩ ለእሳቸውም አልሰማም። አንዱ መሣሪያው እንዳይገድል ለመነ፤ ሌላው የተገደሉትን ይዞ መጣ፤ በሩ ለሁለቱም አልተከፈተም። ስለዚህ የዚህ ብራዚላዊ ጸጸት ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በማይጨውና በተምቤን ሰማይ ላይ ያለፈ ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1928 ከአውሮፓ በመርከብ ወደ ሪዮ ሲገባ ሌላ ሐዘን ጠበቀው። በስሙ የተሰየመ ባሕር ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ሊቀበለው ተነሥቶ በዓይኑ ፊት ተከስክሶ የተሳፈሩት ሁሉ አለቁ። የክብር አቀባበሉ እንዲቀር አደረገና ወደ ቀብሮቹ ሄደ።

በ1932 በሳኦ ፓውሎና በማዕከላዊው መንግሥት መካከል ጦርነት ተነሣ። ሳንቶስ ዱሞን ታሞ በጓሩዣ ባሕር ዳርቻ በአንድ ሆቴል ይኖር ነበር። የመንግሥት አውሮፕላኖች የገዛ አገራቸውን ሰዎች ሊደበድቡ በላዩ ሲያልፉ ያይ ነበር ይባላል። ሐምሌ 23 ቀን 1932፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን፣ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። የሞቱ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ አልተነገረም። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ዛሬ የሪዮ ከተማ መካከል ያለው የአውሮፕላን ጣቢያ በስሙ ይጠራል፤ የተወለደባትም ከተማ ስሙን ይዛለች።

ለእኛ የሚተርፈው ጥያቄ

ሳንቶስ ዱሞን የተመኘው የግል በረራ ከእሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል። በ1917 አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ ክንፍ ያላት መኪና ሠርቶ በኒው ዮርክ አሳየ። በ1949 ሞልተን ቴይለር ኤሮካር የምትባል፣ ክንፏን አውልቃ በመንገድ የምትሄድ መኪና ሠራ፤ በ1956 የመንግሥት ፈቃድ ብታገኝም የተሠሩት ስድስት ብቻ ናቸው። በኒው ዮርክ ሄሊኮፕተር ከፎቅ ጣራ ላይ እየተነሣ መንገደኛ ያመላልስ ነበር። በግንቦት 1977 ግን አንዱ ሄሊኮፕተር ጣራው ላይ ቆሞ ሳለ እግሩ ተሰብሮ ወደቀና ፕሮፔለሩ አምስት ሰው ገደለ። ከአምስቱ አንዷ በጉዳዩ ያልነበረችበት፣ ከታች በመንገድ ላይ የምትሄድ ሴት ናት። የጣራው አገልግሎት በዚያው ቀረ።

በሳንቶስ ዱሞን አገር የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ሳኦ ፓውሎ ዛሬ በዓለም ብዙ ሄሊኮፕተር ካላቸው ከተሞች አንዷ ናት። ባለጸጋው ከቤቱ ጣራ ተነሥቶ በቢሮው ጣራ ላይ ያርፋል። ከታች ያለው መንገድ ግን እንደ ተጨናነቀ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሄሊኮፕተሮች ከሚሊዮን መኪና ላይ ምን ይቀንሳሉ? እንዲያውም መንገዱን ለማሻሻል ድምፁ የሚሰማው ሰው ከመንገዱ ስለ ወጣ ችግሩ ተናጋሪ ያጣል። በራሪ መኪና ትልቁ አደጋዋ መውደቋ ብቻ ሳይሆን ይህም ጭምር ይመስለናል።

አዲሶቹ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ከሄሊኮፕተር ያነሰ ድምፅ አላቸው፤ ጭስም የላቸውም። ይህ በጎ ነው። ሆኖም ሒሳቡን እንመልከት። አንዷ ታክሲ አራት መንገደኛ ትይዛለች እንበል፤ በአንድ ማረፊያ ላይ በየሁለት ደቂቃው አንዷ ብትነሣ በሰዓት 30 ጉዞ፣ 120 መንገደኛ ይሆናል። ይህ ሁለት አውቶቡስ የሚሞላ ሰው ነው። ሁለት አውቶቡስ ለማስቀረት ሰማዩን በሙሉ ማዘጋጀት ይገባል ወይ? ከዚህም በላይ ታክሲዋ ስታርፍ መንገደኛው ያው ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከማረፊያው እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ያው ነው። የከተማ መጨናነቅ የከፍታ ማነስ ሳይሆን የቦታ አጠቃቀም ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው በጥቂት ቦታ የሚያጓጉዘው ባቡር፣ የራሱ መስመር ያለው አውቶቡስና ሰው በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ሥራና ትምህርት ቤት ነው። አዲስ አበባ በ2015 የከተማ ባቡር የከፈተችው ከዚህ አሳብ ተነሥታ ነው፤ ባቡሩ ከዚያ ወዲህ የገጠመው የመለዋወጫና የጥገና ችግር ደግሞ ለእኛ ለምንማረው ሰዎች የተተወ የቤት ሥራ ነው።

ይህ ማለት በራሪ ታክሲ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ድልድይ በሌለበት ወንዝ ላይ ምጥ የያዛትን እናት፣ መንገድ በናደበት ተራራ ላይ መድኃኒት ለማድረስ ከዚህ የሚሻል ነገር አይገኝም። ጥያቄው ማሽኑ ይበራል ወይ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት በሮ አይተነዋል። ጥያቄው ለማን ይበራል የሚለው ነው።

ሳንቶስ ዱሞን ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ትቶልናል። አንደኛው ደጃፉ ላይ ያቆመው፣ ሥዕሉ በየመጽሐፉ የሚታየው የአንድ ሰው መርከብ ነው። ሁለተኛው ሳይበር የቀረው ኦምኒቡስ ነው። እኛ ከአባቶቻችን እጅ አደራ ተቀብለን በሰው አገር የምንማር ሰዎች ነገ ንድፍ በእጃችን ሲገባ ከሁለቱ የትኛውን እንደምንጨርስ ከአሁኑ ብናስብ መልካም ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የተለየ አሳብ ያላችሁ አንባቢያን፣ በተለይም የምሕንድስናና የከተማ ፕላን ተማሪዎች፣ ለሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ዓምዱ ክፍት ነው።